«ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል»

ከጅቡቲ ወደብ ወደ ድሬዳዋ በሚገባው የቀለም ማቅጠኛ፣ የቫርኒሽና የማጣበቂያ ቆርቆሮ ላይ አንዳንዱ «ፍላመብል»፣ አንዳንዱም «ኢንፍላመብል» የሚል የእንግሊዝኛ ቅጽል ተጽፎበት ይገኛል። ሁለቱ ቃላት ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ይኸውም በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። የማይቀጣጠለው ዕቃ «ነን ፍላመብል» ይባላል።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከግማሽ ዕውቀት ነው። የንግድ ቤት ጸሐፊ «ኢንኮምፕሊት» ያልተሟላ፣ «ኢንቫሊድ» ዋጋ የሌለው ሰነድ መሆኑን ከደብዳቤ ልውውጥ ያውቃል፤ በዚሁ ሒሳብ «ኢንፍላመብል»ን የማይቀጣጠል ብሎ ቢተረጉም አያስደንቅም። የግዕዙም «ኢ» በ«ኢሰብአዊ» እንደሚታየው አፍራሽ ስለ ሆነ ጆሮውን ያሳስተዋል፤ ሆኖም ኢየሩሳሌምን በአፍራሽ የሚፈታ ሰው የለም። ቃሉ የመጣው ማቀጣጠል ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። («ኢንቫልዩብል» የተባለ ደንበኛም ዋጋ ቢስ ተባልሁ ብሎ አይቀየም፤ በዋጋ የማይተመን ማለት ነውና።)

ይህ አሻሚነት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችንም አሳስቧል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. «ፍላመብል» እንዲመረጥ መክሯል። ፈረንሳይኛ ግን ዛሬም የሚቀጣጠለውን «ኢንፍላማብል»፣ የማይቀጣጠለውን «ኢንኢንፍላማብል» ይላል። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ጊዜ ጀምሮ ፈረንሳይኛ ላልተለያት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ የሰዋስው ክርክር ሆኖ አይቀርም። አሴቶን ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ካለ የከሰል ምድጃ ሊደርስ ይችላል። በመጋላ ወይም በከዚራ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መጋዘን እንዲህ ያለው ዕቃ «አይቀጣጠልም» ተብሎ ከጆንያና ከጨርቅ ጋር ቢከማች፣ የሚከተለው ጥፋት በባለቤቱ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ጎረቤት ሱቅም አብሮ ይነዳል።

ስለዚህ አስመጪው ነጋዴ ዕቃውን ለቸርቻሪ ከማስረከቡ በፊት በየካርቶኑ ላይ «ተቀጣጣይ» የሚል የአማርኛ፣ የሶማልኛና የኦሮምኛ ጽሑፍ በራሱ ወጪ ሊለጥፍ ይገባዋል። ወጪው ኢምንት ነው። እስከዚያው ድረስ የመጋዘን ጠባቂው ከፊደሉ ይልቅ ነበልባል የተሣለበትን ቀዩን ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ይፈልግ፤ ምልክቱ በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም።