ለሲሚንቶው ብረት

ይድረስ ለተከበርከው የሲሚንቶ ብረት፣
ባለህበት ጓሮ፣ ኩታበር።

ስልክ ከገባ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ተረስቷል። አንተ ግን ስልክ የለህም፤ እኔም ፊትህ ቆሜ ሳመሰግንህ ጎረቤት ቢያየኝ የሚወራውን ስለማውቅ በወረቀት ይሻላል አልኩ። ሃምሳ ዓመት የተጠጋት የመሥሪያ ቤት ሴት ከብረት ጋር ስታወራ መገኘት የለባትም። ማንሳቷም ቢሆን ገና አልተለመደም።

አሠራርህን በዓይኔ ነው ያየሁት። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ከቧንቧ ሥራ የተረፈ አንድ የውኃ ብረት አገኘ፤ ሁለት ባለአራት ሊትር የቀለም ጣሳ ደግሞ ለምኖ አመጣ። ሲሚንቶውን ከአሸዋና ከደቃቅ ጠጠር ጋር አቡክቶ አንደኛውን ጣሳ ሞላ፣ ብረቱን መሃሉ ላይ ተከለ፣ እንዳያዘነብል ከአጥሩ ጋር በገመድ ወጠረው። ሲጠነክር ገልብጦ ሁለተኛውን ሞላ። እንዳይሰነጠቅ ብሎ ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጣህ ነበር፤ ለጎመኑ እንዲያ ተጨንቆ አያውቅም። በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ወስዶ ሚዛን ላይ አወጣህ፤ 22 ኪሎ። አንዱ ጎንህ ከሌላው አንድ ኪሎ ግድም ይከብዳል፣ በሁለተኛው ቀን ቡኮ ላይ ጠጠሩን አብዝቶት ነው። እስከ ዛሬ በየዙሩ የማገላብጥህ ለዚህ ነው፤ ግራ ክንዴ ብቻ እንዲጎለብት አልፈልግም።

ልጁ ኮምቦልቻ ሥራ ሲያገኝ አንተን ትቶህ ሄደ። እኔም በርበሬ ሲሰጣ የሸራውን ጠርዝ እንድትይዝ አደረግኩህ፤ ለሌላ ነገር ትሆናለህ ብዬ አላሰብኩም።

ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ኩታበር ደረሰ። በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ በእግራችን ሄድን። የጎረቤቴን የሁለት ዓመት ልጅ ተቀብዬ አዝዬ ነበር፤ ብዙ ሳልርቅ ትከሻዬ ዛለ፣ ጉልበቴ ተብረከረከ። ልጁን ከጀርባዬ ላይ የወሰዱት አያቱ ናቸው፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጡ ሴት። አንድ ቃል አልተናገሩም፤ አዝለውት ቀደሙኝ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የሊጥ ባልዲው ሳይቀር የለም። አንተ ግን ጓሮ ውስጥ እንደተጋደምክ ነህ። 22 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚሸሽ ዘራፊ አልተገኘማ! በዚያ ሰሞን መጀመሪያ ያነሳሁህ፣ ከንብረቴ የቀረኸኝ አንተ ስለሆንክ ይመስለኛል።

አነሳሁህ ማለት ማጋነን ነው። ካንተ በፊት የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ቁጭ ብድግ ስል ነው የሰነበትኩት። ኔትወርክ ሲመለስ ልጄ በኢሞ እያየኝ «እማ፣ ወገብሽን አታጉብጪ፤ ደረትሽን አውጪና በእግርሽ ግፊ» ይለኛል። አንድ ቀን ያሳደግኩት ልጅ አቀማመጤን ያርምልኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የጤና ጣቢያ ነርሷ ደግሞ ስታነሺ ትንፋሽሽን አትያዢ አለችኝ፣ ሲታፈን ግፊት ይጨምራልና። ለሰው ስመክር የማስቀድመው ይህን ነው፤ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሳይመረመር ወዳንተ አይቅረብ።

ከዚያ ወዲህ ስላንተ ያላነበብኩት የለም። ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ካልሠሩበት፣ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከስልሳ በኋላ ይብሱን ይፋጠናል። አስቀድመው የሚከዱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፣ በክረምት ጭቃ ሲያዳልጥ ከመውደቅ የሚያድኑት። ለሴት ሌላም አለ፤ የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይጎድልና አጥንት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይሳሳል። አጥንት ጭነት ካልተሰማው አይጠነክርም። ጠፈርተኞች እንኳ ክብደት በሌለበት ሲቆዩ ከዳሌ አጥንታቸው በወር አንድ በመቶ ያህል ያጣሉ።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ታዲያ የምንሰማው «ወክ አድርጊ» የሚለውን ብቻ ነው። ኩታበር ውስጥ ወክ የማያደርግ ማን አለ? ገበያውም፣ መስጊዱም፣ ቢሮውም ዳገት ነው። መራመድ ለልብ ደግ ነው፤ ለክንድና ለትከሻ ግን ብዙም አይጠቅም። የሯጮች አገር ስለሆንን ስፖርት ሲባል እግር ብቻ ይታየናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግን ከመራመዱ ሌላ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ሥሩ ይላል።

«ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር» የሚለውን ቆጠራ ብረት የሚያነሱ ጎረምሶች ያወጡት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ከቶማስ ደሎርም የመጣ ነው፣ ከአሜሪካ ጦር ሐኪም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሆስፒታሉ ጉልበታቸው በተጎዳ ወታደሮች ሲሞላ፣ ቀላል እንቅስቃሴና ረጅም ዕረፍት በሚታዘዝበት ዘመን፣ እሱ ብረት አስያዛቸው፤ በየጊዜውም ክብደቱን ጨመረባቸው። ውጤቱን በ1945 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ የሦስት ዙሩን ቆጠራ ደግሞ ከባልደረባው ጋር ከጥቂት ዓመት በኋላ አረጋው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ቦስተን በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆናቸው አሥር ሰዎች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ዘጠኙ ጉልበታቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ዕድሜዬን ለጠየቀኝ ሁሉ በድፍረት እናገራለሁ።

ልጄ ሰሞኑን «ክንድሽ አልወፈረም፣ ታዲያ ምኑ ተለወጠ?» አለኝ። ብረት አስተማሪዬ ራሱ ይህን አለማወቁ አስቆኛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ አእምሮ ተኝተው የከረሙትን የጡንቻ ክሮች መቀስቀስ ይለምዳል። ሥጋው ዘግይቶ ይከተላል፣ በእኛ ዕድሜ ደግሞ በጣም ዘግይቶ።

ከሁሉ የማመሰግንህ ግን ከሸክም ጋር ስላስታረቅከኝ ነው። እናቴ ዕድሜ ልኳን ተሸክማለች፤ ከምንጭ ውኃ፣ ከገደል እንጨት፣ ለገበያ እህል። ባለ20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ሲታዘል ካንተ ጋር እኩል ነው፣ ብትበልጠው በአንድ ኪሎ ነው። የአገሬ ሴቶች ያንተን ያህል ክብደት በየቀኑ ሲያዝሉ ኖረዋል ማለት ነው። ታዲያ ስለምን ጎበጡ? ያቺን ቀን ልጁን ከጀርባዬ የወሰዱት አያት ጉልበታቸው እስከ ዛሬ አለ፤ ወገባቸው ግን የለም። ጀሪካን «ዛሬ አርፈሽ ዋይ» አይልም። አራስም ብትሆን፣ ቢያማትም፣ ብትጾምም ያው 20 ሊትር ነው። ማታ የምትበላው ደግሞ ሁሉም በልቶ የተረፈውን። እኔ ቧንቧ ግቢያችን ሲገባና ወንበር ያለው ሥራ ሳገኝ ከእናቴ ዕጣ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። አመለጥኩም፤ ግን ሰውነቴ የሚያነሳው ነገር አጥቶ ላላ።

አንተ እሑድና ረቡዕ ብቻ ነህ። አሥር ከተባለ አሥር ነው፤ ሲያመኝ ትጠብቀኛለህ፣ ስመለስ አትቆጣም። ጡንቻ የሚጠገነው በዕረፍቱ ቀን ነውና ማረፌም ከሥራው ይቆጠራል። ይህን ለመቀበል ግን ጊዜ ወስዶብኛል፤ ተቀምጣ የምትውል ሴት ሰነፍ ናት እየተባልን ነው ያደግነው። ምግቡም እንዲሁ ነው። ዶሮዎቼ የሚጥሉትን እንቁላል ሁሉ እሸጠው ነበር፤ አሁን የራሴን ድርሻ ሳላስቀር ገበያ አልወጣም። እንቁላሉ ሲያልቅ ባቄላና ምስሩ፣ ሽሮው አለ።

ሸክምና ምግብ ካነሳሁ አይቀር የመቅደላን ነገር ላንሳ። መቅደላ ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ ተንታን አልፎ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ያን 70 ኩንታል ግድም የሚመዝን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር በኩል በሰው ጉልበት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. እዚያ አወጡት። ታሪኩ ሲነሳ የንጉሡ ቆራጥነት ይወደሳል። የጎተቱት ሰዎች ማታ ምን በልተው አደሩ፣ ወገባቸውስ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አልገጠመኝም። ጀሪካን ያዘለች እናት ያሳደገችው ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

አሁን ስላደረግክልኝ ልንገርህ። ከሱጁድ ስነሣ አንድ እጄ ጉልበቴ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ነበር፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ልስገድ ወደ ማለቱ ደርሼ ነበር። ዘንድሮ በረመዳን ተራዊሕን ሙሉውን ቆሜ ሰገድኩ። ቡና ጠጥቼ ከበርጩማ ስነሣ «ያ ረቢ» ማለቴም ቀርቷል፤ ጎረቤቶቼ ያስተዋሉት መጀመሪያ ይህንን ነው። ባለፈው ደግሞ ወፍጮ ቤት ግማሽ ኩንታል ዱቄት አስፈጭቼ ተሸካሚው ልጅ ዘገየብኝ። ከረጢቱን ወደ እግሬ አስጠጋሁ፣ ወገቤን ሳላጎብጥ ዝቅ አልኩ፣ በእግሬ ገፋሁና ባጃጁ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ባለባጃጁ ጎረምሳ «እትዬ፣ ወታደር ነበሩ እንዴ?» አለኝ። አልነበርኩም አልኩት፤ ሒሳብ እንዳልከፍል ግን ተስፋ አድርጌ ነበር፣ አልሆነም።

ጎረቤቶቼን አነሳሁ መሰለኝ። መጀመሪያ «ልቧ ዞረ» ነበር የሚሉት። አሁን ሁለቱ ከሱብሂ በኋላ በጓሮ በር እየገቡ ነው፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅረን። አንዷ ስኳር አለባት፤ የሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል ብዬ ስነግራት ካንተ ጋር ፍቅር ያዛት። ሌላዋ ዘፈን ካልተከፈተልኝ አላነሳም ትላለች፤ እሷን ገና እየለመንኩ ነው።

አንተ ለሦስታችን አልበቃህም። እኔም እውነቱን ለመናገር ቀለልከኝ፤ ባለፉት ወራት በሁለቱ ጎንህ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ እያሰርኩ ነው የማነሳህ፣ ገመዱም ይንሸራተታል። ስለዚህ ልጄ ለዒድ ሲመጣ ሌላ የውኃ ብረት ይዞ እንዲመጣ አዝዤዋለሁ። ጣሳዎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሲሚንቶውም ተገዝቷል። ጠጠሩን በሁለቱም ቀን እኩል እንዲያደርግ ላኪበት ብለህ ከሆነ፣ ልኬበታለሁ። ቅር አይበልህ፤ አንተ ለጀማሪዎቹ ትሆናለህ። አዲሱ እስኪደርቅ ድረስ ግን ሦስታችንም ባንተው ላይ ነን፤ እሑድ ጠዋት እንገናኝ።

አክባሪህ፣
የሠራህ ልጅ እናት