ሞተሩን ልቀይር ወይስ ሾፌሩን?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከጅማ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ ነው። ጠያቂያችን አምስት ገጽ ሙሉ ነው የጻፉልኝ። ሦስቱ ገጽ ስለ መኪና፣ ሁለቱ ስለ ትዳር ነው። ደጋግሜ ሳነበው ግን ሁለቱም አንድ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። ቦታ ስለማይበቃን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ከመምህርነት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያጠራቀምኳትን፣ የባለቤቴን ወርቅና የደረሰንን ዕቁብ አንድ ላይ አድርገን ያገለገለች ሃይኤስ ገዛን። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መንጃ ፈቃድ ስላለው ሾፌር አደረግነው። ከጅማ አዲስ አበባ ይሠራል። ባለቤቴ ሂርማታ አካባቢ ሱቅ ስላላት፣ ሲመለስ ከመርካቶ የሱቁን ዕቃ ከላይ ጭኖ ይመጣል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መኪናዋ የግቤን ዳገት ስትወጣ ትፈላለች። ሲሄድ ደህና ነች፤ ሲመለስ ነው ጉዷ! አንዱ መካኒክ ‹ሞተሩ አልቋል፣ ቀይረው› አለኝ። ሌላው ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለና ‹ከእንግዲህ አትሞቅም› አለኝ። እሷ ግን እንደውም ባሰባት። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ትጠጣለች። አንድ ዘመዴ ደግሞ ልጁን ግቤ ላይ ጀሪካን ተሸክሞ እንዳየው ነገረኝ። ናፍጣዬን እንደሚሸጥ ገባኝ። ይህን ብናገር ባለቤቴ ‹ወንድሜን ሌባ ካልክ እኔንም በለኝ› ብላ እናቷ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንት ሆናት። አሁን ምን ይሻለኛል? ሞተሩን ልቀይር ወይስ ሾፌሩን?»

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አይቀይሩ! ቢያንስ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ።

በመጀመሪያ ነገሩን ከመንገዱ እንጀምር። የጅማን መንገድ ለማያውቁ አንባብያን፦ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ ላይ ናቸው። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፈው፣ ከአበልቲ በኋላ ቁልቁል ወርደው ግቤ ወንዝ ላይ ሲደርሱ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት። ያ ቆላ ነው፤ ሰው ኮቱን የሚያወልቅበት። ከዚያ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ዳገት ነው፤ በአንዱ በኩል ወደ ወልቂጤ፣ በሌላው በኩል ወደ አበልቲ። እኔ ይህን መስመር በረዳትነት ጀምሬ ብዙ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ከወንዙ በላይ ባሉት ጠመዝማዛዎች አፋፍ ላይ ኮፈኗን ከፍታ ያልቆመች የመኪና ዓይነት አላየሁም። የቡና ኤፍ ኤስ አር በሉት፣ አውቶቡስ በሉት፣ አልጋና ምድጃ የተገጠመላት የፈረንጅ ቱሪስት መኪና በሉት... ሁሉም እዚያ ጋ እኩል ነው። ዳገቱ ሀብታምና ድሃ አይለይም።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ በረሃ ዳገቶች ላይ «ሞተር እንዳይሞቅ ኤሲ ያጥፉ» የሚል ሰሌዳ በመንገዱ ዳር ተተክሏል። ለራዲያተር የሚሆን ውሃም በየቦታው ይቀመጣል። ቤታቸውን በመኪና ይዘው የሚዞሩት ጡረተኞች ሁሉ እዚያ ይቆማሉ። እርስዎም ጡረተኛ ነዎትና ብቻዎን አይደሉም!

እሺ፣ አሁን ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። እርስዎ ራስዎ ሳያውቁት መልሱን ጽፈውልኛል። «ሲሄድ ደህና ነች፤ ሲመለስ ነው ጉዷ» አሉኝ። እስቲ ሰዓቱን እናስላ። ልጁ ከጅማ ማለዳ 12 ሰዓት ቢነሣ፣ ግቤ የሚደርሰው ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ ነው። መኪናዋ የያዘችው ሰው ብቻ ነው። ሲመለስስ? መርካቶ ዕቃ ጭኖ እስኪጨርስ ረፋድ ይሆናል። ግቤ የሚገባው ከሰዓት በኋላ በ8 እና በ9 ሰዓት፣ ቆላው እንደ ምጣድ በጋለበት ሰዓት ነው። ከላይ ደግሞ የባለቤትዎ የሱቅ ዕቃ ተቆልሏል። ያው ሞተር፣ ያው ሾፌር... ልዩነቱ ሰዓቱና ሸክሙ ነው። ያለቀ ሞተር እኮ ጠዋትና ማታ አይለይም! ዳገት ላይ ብቻ፣ ሙቀትና ጭነት ሲገናኙ ብቻ የምትፈላ መኪና፣ ብዙውን ጊዜ የማቀዝቀዝ አቅሟ ደክሟል ማለት ነው።

ናፍጣውስ? እዚህ ላይ ልብ ይበሉልኝ። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ የሚፈልገው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውሃ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። አውጥተው ሲጥሉት ሞተሩ ከሰርቦ እስከ አሰንዳቦ ባለው ሜዳ ላይ በሚገባ ሳይሞቅ ነው የሚሠራው። ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ይጠጣል። «ከዚያ ወዲህ ናፍጣ ትጠጣለች» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ «ከዚያ ወዲህ» የሚለው ቴርሞስታቱ ከወጣበት ቀን ነው። ይባስ ብሎ አንዳንድ ቴርሞስታት ከታች ሌላ ትንሽ ክዳን አለው። ሲከፈት፣ ውሃው በራዲያተር ሳያልፍ በአቋራጭ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይሆናል፤ የውሃው ግማሽ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ የባሰባት በዚህ ሊሆን ይችላል። በየጋራዡ «አውጣውና ጣለው» የሚባለው ምክር ስንት ሞተር እንደፈጀ! እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ የሞተሩን ትክክለኛ ቴርሞስታት ገዝተው ያስገጥሙ። የሚከፈትበት ዲግሪ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ ከመግጠምዎ በፊትም በድስት ውሃ ውስጥ ከተው አፍልተው ሲከፈት በዓይንዎ ይዩት።

ጀሪካኑ ደግሞ... ኧረ ወንድሜ! የፈላች መኪና ይዞ ግቤ ላይ የቆመ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ምን ሊያደርግ ይችላል? ውሃ ሊቀዳ ነዋ! ዘመድዎ ጀሪካኑን አዩ፤ ውስጡ ያለውን ግን አላሸተቱም።

አሁን ምን ይሠራ? ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ትልቁን ፍርሃት ያስወግዱ፤ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ እንደሆነ ይወቁ። ማለዳ፣ ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው እስከ አፉ ውሃ ይሙሉ። ሞተሩን ያስነሡና ውሃውን ይመልከቱ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት አረፋ ቢወጣ ምንም አይደለም። እንደሚፈላ ሽሮ ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን የእሳቱ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የላይኛው ማኒኮቶ ሞተሩ ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆነ፣ የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ነጭ ጭስ አልቆም ካለም ያው ነው። ያን ጊዜ ቴስታታው መውረድና በመስመሪያ መለካት አለበት። ይህ ከሌለ እፎይ ይበሉ፤ የቀረው ቀላል ነው።

ክዳኑን በደንብ ይዩት። ሰው ሁሉ ይህን ክዳን የውሃ መክደኛ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም! ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጅማ ላይ በ94፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ። የእኛ አገር ሰው ከፍታ ላይ ስለሚነዳ ውሃው ቶሎ ይፈላበታል ማለት ነው። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ይዞ፣ 0.9 የሚል ቁጥር ያለበት ከሆነ፣ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከደከመ ግን ውሃው በእንፋሎት በቀጭኗ ቱቦ ወጥቶ ይሄዳል፤ መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፤ ባለቤቱም «ውሃው የት ገባ?» እያለ ሾፌሩን ይጠረጥራል! ዋጋው ከሞተር ጋር ሲነጻጸር የቡና መጠጫ ነው።

ቀጥሎ ራዲያተሩን ይዩ። የጅማ ጭቃና አቧራ፣ የሣር ፍሬና ነፍሳት የፊቱን ቀዳዳ ደፍነውት ይሆናል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ ያጥቡት፤ በከፍተኛ ግፊት ካጠቡት ክንፎቹ ይተኛሉ። ውስጡ ደግሞ በወንዝ ውሃ ከተደፈነ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ፊቱን በእጅዎ ሲዳብሱት አንዱ ቦታ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ይሆናል። የመዳብ ከሆነ ራዲያተር ሠሪ ከፍቶ ይጠርገዋል። አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ከሆነ ግን መጠረጉን ይርሱት።

ቬንትሌተሩ የተቀመጠበት፣ ውስጡ ወፍራም ፈሳሽ ያለው ክብ ዕቃ አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ፋን ክላች ይሉታል። ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቃዛ ሳለ በእጅ ሲያዞሩት ትንሽ መክበድ አለበት። እንደ ልጆች የወረቀት ወፍጮ ዝም ብሎ ከዞረ ሞቷል። በዙሪያው ያለው የፕላስቲክ ሽፋንም መኖሩን ይዩ፤ መካኒኮች «ለሥራ አይመችም» ብለው ያወጡትና ሳይመልሱት ይቀራል። ቺንጋውም ላላ ያለ እንዳይሆን።

በነገራችን ላይ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያን ናቸው። የጅማን የመኪና መንገድም በወረራው ዘመን ሲሠሩ የነበሩት እነሱው ናቸው። መንገዱንም ስሙንም ትተውልን ሄዱ፤ ዳገቱ ግን ያኔም የእኛው ነበር!

ውሃውን በተመለከተ፣ «ጅማ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይስሙ። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፤ የሚፈላበትንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ለማደባለቂያ የተጣራ ውሃ ካጡ፣ የጅማ ዝናብ መቼ ጠፍቶ! በንጹሕ ዕቃ የተቀበሉት የዝናብ ውሃ ከወንዙ ይሻላል።

ለልጁ የሚነግሩት ደግሞ ይህን ነው። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንስ፤ ሞተሩ እያቃሰተ በአራተኛ አይጎትት። የውሃ ፖምፓውም ቬንትሌተሩም የሚዞሩት በሞተሩ ዙር ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ኤሲ ያጥፋ፤ ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈት፤ ሙቀት ከሞተሩ ይሰርቃልና። ቀዩ ሳይደርስ ይቁም። ውሃው ካልፈሰሰና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን ወዲያው አያጥፋ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ በትንሹ ነዳጅ እየሰጠ ያብርደው። ውሃ ከጨረሰ ግን ወዲያውኑ ያጥፋ። ክዳኑን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳይነካ! ፊቱ የተላጠ ረዳት አውቃለሁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

እንግዲህ የመጨረሻው ለእርስዎ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና መጠበቅ ግድ ሆኖብናል። ደህናውን ሞተር አውርደው የሌላ ሰው አሮጌ ሞተር አይግጠሙ። ዕቃው በሌላ መኪና ይምጣ፤ ካልሆነም ግማሹ ብቻ ይጫን፤ ልጁም ከአዲስ አበባ ማለዳ ይነሣ። ከዚያ በፊት ግን አማትዎ ቤት ይሂዱ። «ናፍጣው የጠፋው በቴርሞስታቱ ነው» ብለው በልጁ ፊት፣ በእናቱ ፊት ይናገሩ። ስድቡን የሰሙት ሁሉ ይቅርታውንም ይስሙት። ለባለቤትዎ የወርቋ ነገር ተነሥቶ እንደሆነም አይከራከሩ፤ እሷ የሰጠችው ወርቅ ነው ዳገት ለዳገት የሚሮጠው።

ከአጋሮ ስለ አይሱዙ መኪናቸው ለጻፉልን ጠያቂ፦ ዘይቱ ወተት ከመሰለ አጋሮም ሆነ ጅማ አይንዱት። ሞተሩን አያስነሡት፤ ተጎትቶ ይሂድ።