«እባክዎ ይጠብቁ» ለሚለው ድምፅ ተጠያቂው ማነው?

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቦረና፣ ለወግዲ ወይም ለአማራ ሳይንት ሰው አንዲት ጥያቄ ይዞ ዞን ድረስ መሄድ ማለት የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ነው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ። ስለዚህ ይደውላል። የሚያነሣለት ግን ሰው ሳይሆን የተቀዳ ድምፅ ነው። ለዚህ ሰው መሥሪያ ቤቱ ማለት ያ ድምፅ ነው።

በመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አለው። በስልክ የሚነገረውን ግን ማን እንዳስቀዳው፣ መቼ እንደተቀዳ፣ ማን እንደሚቀይረው የሚያውቅ የለም። አሠራሩ ተለውጦ ድምፁ የአምናውን ይናገራል። በዓሉ አልፎ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። «ሁሉም መስመሮች ተይዘዋል፤ እባክዎ ይጠብቁ» ይላል፤ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ ግን አይናገርም። ደዋዩ የሚጠብቀው በገዛ ካርዱ ከሆነ ትዕግሥቱም በሳንቲም ይቆጠራል።

«ቴክኖሎጂው ውድ ነው» ማለት አያስኬድም። አስተሪስክ የተባለው የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል። በብዙዎቹ ዘመናዊ ማዞሪያዎች ኃላፊነት የተሰጠው ሠራተኛ ከጠረጴዛው ስልክ አጭር ቁጥር ደውሎ አዲስ መልእክት መቅዳት ይችላል። የበዓሉ መልእክት በየትኛው ቀን ጀምሮ በየትኛው ቀን እንደሚያበቃም አስቀድሞ ይሞላል። የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን ባለቤት ነው።

ሲፈለግ እንደሚቻል አገሪቱ አይታለች። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ 8028ን ሲጀምር ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ፣ ቁጥር ተጭኖ፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ ተደርጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መጥሪያውን ድምፅ በጥንቃቄ መልእክት ተካው። ማንበብ የማይችለውም ሰማ።

«ድረ ገጽና ቴሌግራም አለን» የሚል ኃላፊም አይጠፋም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ድረ ገጹ ለማን ጠቀመ? ስልክ በሚሠራበት ቦታ ድምፅ ግን ይሰማ ነበር።

«የሰው ኃይል የለንም» የሚለው ክርክር ግን እውነት አለው። ማሽን በአንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ይመልሳል፤ ስልክ አንሺ አይችልም። በማሽኑ ማንም አይጣላም። የሚያጣላው ማሽኑ በር መሆኑ ቀርቶ አጥር ሲሆን ነው። ሰው ከሌለ «ዛሬ የሚያነጋግር ሠራተኛ የለም፤ ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይደውሉ» ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ የሌለን ሰው ማስጠበቅ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። እያንዳንዱ የተቀዳ መልእክት እንደ ደብዳቤ ቀንና ኃላፊ ይኑረው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጉዳይ መጀመሪያ ይነገር። ወደ ሰው የሚወስደው ቁጥር አይደበቅ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊም በወር አንድ ቀን፣ ስሙን ሳይናገር፣ በራሱ ካርድ ወደ ራሱ መሥሪያ ቤት ይደውል። ሦስት ጊዜ «እባክዎ ይጠብቁ» ተብሎ መስመሩ ከተቋረጠበት፣ የመካነ ሰላሙ ሰው ምን ብሎ ስልኩን እንደዘጋ ያን ጊዜ ይገባዋል።