በይደር የተያዘ ትዳር

በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ከአሜሪካ የመጣው ተጋቢ አዲስ አበባ ላይ ሠርጉን ደግሶ፣ መልሱንና ቅልቅሉን አድርሶ፣ የዓመት ፈቃዱ ሲያልቅ ብቻውን ይመለስና፣ በማኅበረሰቡ አነጋገር «ፕሮሰስ» የሚባለውን የኢሚግሬሽን ማመልከቻ አስገብቶ፣ ሌላኛው ተጋቢ ቪዛው እስኪመጣ በወላጆቹ ቤት እንዲጠብቅ የሚያደርግበት ልማድ ነው። አካሄዱ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ ከብዙ አማራጮች አንዱ መሆኑ ተረስቶ የሕግ ግዴታ መስሏል፤ አመልካቹ ወደ ጠባቂው አገር ሄዶ አብሮ ቢጠብቅ ደግሞ እንደ ስንፍና፣ አልፎም ዕድልን እንደ መርገጥ ይቆጠርበታል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ለብዙ ጥንዶች መለያየቱን ያዘዘው ልማዱ እንጂ ሕጉ አለመሆኑን፣ ልማዱም ሊያተርፍ የተነሣውን ትዳር ራሱን እንደሚያከስር ማሳየት ነው።

ጉዳዩን ለመመዘን አስቀድሞ ሂደቱን መረዳት ያስፈልጋል። አመልካች የሚባለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም ግሪን ካርድ የያዘ ሰው፣ ቅጽ አይ-130 የተባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ለዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያስገባል፤ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ሲያጸድቅ መዝገቡ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይተላለፋል፤ በዚያም ክፍያውና ሰነዶቹ ከተሟሉ በኋላ ጉዳዩ ለቃለ መጠይቅ ወደ ኤምባሲ ይላካል። በዚህ ሁሉ መካከል ጠባቂው ተጋቢ በጉብኝት ቪዛ አሜሪካ ደርሶ መመለስ እጅግ ይከብደዋል፤ የአሜሪካ ሕግ የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቅን ሰው ተቃራኒውን እስኪያስረዳ ድረስ ለመቅረት እንዳሰበ አድርጎ ይገምተዋልና፣ የተከፈተው የጋብቻ ማመልከቻም ይህንኑ ግምት ያጠናክርበታል። ስለዚህ ሁለቱ እንዲገናኙ ከተፈለገ የሚቀረው መንገድ ፓስፖርቱ የሚያስኬደው ወገን መሄዱ ነው።

የልማዱ ደጋፊዎች የመጀመሪያ መከራከሪያ አመልካቹ ከአሜሪካ ከወጣ «ኬዙ ይበላሻል» የሚል ነው። ዜጋ የሆነ አመልካች ማመልከቻው እስኪያልቅ በአሜሪካ ምድር እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ድንጋጌ ግን የለም። ፍርሃቱ የሚነሣው ቅጽ አይ-864 ከተባለው የድጋፍ ሰነድ ነው፤ በዚህ ሰነድ አመልካቹ ተጋቢው የመንግሥት ተጧሪ እንዳይሆን በሕግ የሚያስጠይቅ ዋስትና ይገባል፣ ዋስ ለመሆንም መደበኛ መኖሪያው አሜሪካ መሆን አለበት። መደበኛ መኖሪያ ሲባል ግን አንድ ሰው ዋና ኑሮዬ ብሎ የያዘውና ሊመለስበት ያሰበው ቦታ ማለት እንጂ ዛሬ ያደረበት ቤት ማለት አይደለም። ለጊዜው ውጭ የሚኖር ዜጋ የባንክ ሒሳቡን፣ የግብር ሰነዱን፣ የመራጭነት ምዝገባውንና አድራሻውን አቅርቦ መኖሪያውን እንዳልተወ ማስረዳት ይችላል፤ ትቶት ከሆነም ተጋቢው አሜሪካ ከሚገባበት ቀን ሳያልፍ እርሱም ኑሮውን በዚያ መልሶ እንደሚመሠርት በተጨባጭ ዝግጅት ማሳየት ይፈቀድለታል። እርግጥ ነው፣ ገቢው ያነሰበት አመልካች ተባባሪ ዋስ ሊጠራ ሲችል የመኖሪያን ጉድለት ግን የማንም ዋስትና ስለማይሞላው፣ ጉዳዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ልማዱ ግን ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሁሉ ከተከለከለው ጋር ደባልቆታል።

የዚህ መደባለቅ ምንጩ የዜጋውንና የግሪን ካርድ ባለቤቱን ሁኔታ አንድ አድርጎ ማየት ይመስላል። የዜጋ ባል ወይም ሚስት በዓመታዊ የቪዛ ኮታ አይወሰኑም፤ የቋሚ ነዋሪ ተጋቢዎች ግን በመነሻው በዓመት 114,200 ቪዛ ከተመደበለት ሁለተኛው የቤተሰብ ምድብ ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ቋሚ ነዋሪው ራሱም እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ሰው አይደለም፤ አስቀድሞ ቢበዛ ለ2 ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ሳያወጣ ከ1 ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ ካርዱን ለመመለሻነት ሊጠቀምበት አይችልም፣ ከ6 ወር በላይ ሲቆይ ደግሞ ለዜግነት የሚቆጠርለት የነዋሪነት ዘመን እንደ ተቋረጠ ሊገመትበት ይችላል። ለእርሱ የሚበጀው አጫጭር ጉዞዎችን እየደጋገመ ዜግነቱን መጠባበቅ ነው፤ ዜጋ ሲሆን የትዳር ጓደኛው ማመልከቻ ኮታ ወደሌለበት ምድብ ይዛወርለታልና። ይህ ለቋሚ ነዋሪው የተገባ ምክር ነው፤ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ግን ማን ለማን እንደተናገረው ጠፍቶ ፓስፖርቱን በእጁ የያዘውን ዜጋ ሳይቀር አስሮ አስቀምጧል።

ሕጉ የሚጠይቀው ማስረጃ ደግሞ ከልማዱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ጋብቻ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ከሚጠየቁት ሰነዶች መካከል በሁለቱ ስም የተፈረመ የኪራይ ውል፣ የጋራ ንብረት፣ የተደባለቀ የገንዘብ አያያዝ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና ጥንዶቹን የሚያውቁ ሰዎች ቃል ይገኙበታል፤ እነዚህም በአብዛኛው አንድ ጣሪያ ሥር በመኖር የሚገኙ ናቸው። ተለያይተው የሚጠብቁት በአንጻሩ የሠርግ አልበም፣ የሐዋላ ደረሰኝና የስልክ ጥሪ ዝርዝር ይዘው ይቀርባሉ፤ ማስረጃነታቸው ባይካድም፣ አዲስ አበባ ውስጥ አያት ወይም ገርጂ ሰፈር አንድ ዓመት የተከራዩት ቤት ውል የሚናገረውን ያህል አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ1986 የጋብቻ ማጭበርበርን ለመከላከል በወጣው ማሻሻያ ሕግ መሠረት፣ ተጋቢው አሜሪካ በሚገባበት ቀን ጋብቻው 2 ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው የ2 ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነዋሪነት ብቻ ነው፤ ይህ ጊዜ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥም ጥንዶቹ በጋራ ቅጽ አይ-751 አስገብተው የትዳራቸውን እውነተኛነት እንደገና ያስረዳሉ። ጋብቻው 2 ዓመት ሞልቶት የሚገባ ተጋቢ ግን ይህ ሁለተኛ ፈተና አይጠብቀውም፤ ስለዚህ አብሮ ለሚኖር ጥንድ የጥበቃው መራዘም ሁልጊዜ ኪሳራ ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛው መከራከሪያ አመልካቹ ሠርቶ መላክ አለበት የሚል ነው። ዋስትናው የሚጠይቀው ገቢ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ ሲሆን፣ ይህም ለሁለት ሰው ቤተሰብ በ2024 በአብዛኞቹ ግዛቶች 25,550 ዶላር ነበር፤ አመልካቹ ይህን ገቢ ለማቋረጥ መፍራቱ አያስነቅፈውም። ሆኖም ሒሳቡ ሙሉ ሆኖ መሠራት አለበት። ተለያይቶ መጠበቅ በአንድ በኩል አሜሪካ ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ የቤት ኪራይ፣ በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ወጪ፣ በመካከሉ የአውሮፕላን ቲኬት ያለበት ኑሮ ነው። ሥራውን ከርቀት የሚሠራ፣ በሥራና በሥራ መካከል ያለ፣ ወይም ረዘም ያለ ፈቃድ ማግኘት የሚችል ሰው ለጥቂት ወራትም ቢሆን በዚያው ገንዘብ አንድ ቤት ማቆም ይችል እንደሆነ ማስላቱ እንኳ አይታሰብም፤ የቤተሰቡ ምክር የሚጀምረውም የሚያበቃውም «ምን ያህል ይላካል» በሚለው ላይ ነውና። ሐዋላ ቀለብ ይሸፍናል፤ የታመመን አያስታምምም፣ ለቅሶ አብሮ አይደርስም፣ ኩርፊያ የሚፈታበትን ማዕድ አያቀርብም።

ከሁሉ የከፋው ግን ጉዳቱ በጠባቂው ላይ የሚያርፍበት መንገድ ነው። «ነገ ይሄዳል» ወይም «ነገ ትሄዳለች» የተባለ ሰው ሥራ ለመቀየር ያመነታል፣ ሁለተኛ ዲግሪ ሳይጀምር ይቀራል፣ ቤት አይከራይም፣ የጀመረውን ንግድ ለማስፋት እጁ አይፈታም። አሠሪው ኃላፊነት አይሰጠውም፣ ጓደኞቹም በሽኝት ዓይን ያዩታል። በተለይ ሴቷ ስትሆን ያገባች ተብላ ከእኩዮቿ ትለያለች፤ ባሏ ደግሞ አጠገቧ ስለሌለ የባለትዳር ኑሮም የላትም፤ መውጣት መግባቷ ግን በሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ዓይን ሥር ይውላል። አመልካቹ ሩቅ ሆኖም ቢሆን የራሱን ኑሮ ሲኖር፣ ጠባቂው በሌላ ሰው ቀጠሮ ተሰቅሎ ይውላል። መሥሪያ ቤት አንድን መዝገብ በይደር ሲይዝ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ሳይጎዳ ይቆያል፤ በዚህ ልማድ ግን ከመዝገቡ ጋር የሰው ዕድሜ አብሮ በይደር ይያዛል።

የአገር ቤቱ ሕግ ለዚህ ልማድ ድጋፍ አይሰጥም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት አብረው የመኖር ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ተለያይቶ መኖርን የሚያውቀው በሁለቱ ስምምነት የሚደረግ ልዩ ሁኔታ አድርጎ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሲይዙ፣ ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንዲኖሩ፣ እንደ መከላከያና ውጭ ጉዳይ ካሉ ለዜጎች ብቻ ከተተዉ መስኮች በቀርም ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ መብት ሰጥቷል። በጥበቃው መካከል ልጅ ቢወለድስ የሚለው ሥጋትም መልስ አለው፤ ዜጋ የሆነው ወላጅ ልጁ ከመወለዱ በፊት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ከእነዚህም 2ቱን 14 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በአሜሪካ በአካል የኖረ ከሆነ በጋብቻ የተወለደው ልጅ በየትም አገር ቢወለድ አሜሪካዊ ነው። የአሜሪካን በር ለተጋቢው እስኪከፍት የሚጠብቀው ሰው፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባው በር ለራሱ መከፈቱን ልብ አላለም።

ይህ ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የጥንዶቹ ነው ማለት አይደለም። አብሮ የመኖርን ማስረጃ የሚጠይቀው መንግሥት ራሱ መለያየቱን የሚያራዝም ሥርዓት ዘርግቷል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 መገባደጃ ላይ ባወጣው ሕግ፣ 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ለጠበቁ የቋሚ ነዋሪ ተጋቢዎች አሜሪካ ገብተው የሚጠብቁበት ልዩ ቪዛ ሲፈቅድ የመለያየቱን ጉዳት አምኖ ነበር፤ ዕድሉን ግን እስከዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን ድረስ ማመልከቻ ለገባላቸው ብቻ ወስኖ በሩን ዘጋው። በማርች 2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት የአሜሪካ ኤምባሲዎች መደበኛ የቪዛ አገልግሎት ሲያቆሙ የጥንዶች ዕቅድ ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ ፈረሰ። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙኞዝ ጉዳይ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ፣ አንድ ዜጋ የውጭ አገር ተጋቢው ወደ አሜሪካ እንዲገባለት የሚጠይቅበት መሠረታዊ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌለው ወሰነ። ከዚህ ፍርድ በኋላ ትዳርን ሙሉ በሙሉ በቪዛ ውሳኔ ላይ አንጠልጥሎ መጠበቅ ጥበብ ሊባል አይችልም።

አብሮ መጠበቅ ለሁሉም የሚቻል አይደለም፤ ከቀድሞ ትዳር የወለዳቸውን ልጆች አሜሪካ የሚያሳድግ፣ የሕክምና ክትትል ያለበት፣ ወይም ተሰዶ የወጣባት አገር የማታስተማምነው ሰው በልማዱ ሳይሆን በእውነተኛ ችግር ተይዟል፤ ለእርሱ ምክር ሳይሆን የተሻለ ሕግ ነው የሚያስፈልገው። ለሚችለው ግን አብሮ መጠበቁ ከማስረጃና ከገንዘብ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ተጋቢው አሜሪካ በደረሰ ጊዜ ቋንቋውን፣ መንገዱንና ባንኩን የሚያውቀው፣ የመኪናውን ቁልፍና የነዋሪነት ወረቀቱን የሚይዘው አስመጪው ስለሚሆን፣ ሳይተዋወቁ የሚገናኙት ሁለት ሰዎች ኑሯቸውን የሚጀምሩት አንዱ አስጠጊ ሌላው ተጠጊ ሆነው ነው። አስቀድመው በጠባቂው አገር አብረው የኖሩ እንደ ሆነ ግን፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ኪራይ ደላላ ድረስ እየመራ የሚያስለምደው ጠባቂው ይሆናል፤ አመልካቹም የሌላውን ሰው እጅ ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል ይማራል፤ ሚዛኑ አንድ ጊዜ በዚህ በኩል አዘንብሎ ካየ በኋላ በዚያ በኩል ሲያዘነብል አይጨክንም።

እንግዲህ ልማዱ መታረም የሚጀምረው ኤምባሲው በር ላይ ሳይሆን ሽምግልናው በተቀመጠበት ሳሎን ነው። ሽማግሌዎች የሙሽራውን ሥራ፣ ሃይማኖትና ዘር ማንዘር ሲጠይቁ ኖረዋል፤ ከአሜሪካ የመጣውን ሲሆን ደግሞ ቪዛው መቼ እንደሚደርስ ጠይቀው «በቅርቡ» የሚል መልስ ተቀብለው ይነሣሉ። ቪዛው የሚደርስበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሳሎን ውስጥ የለም። መልስ ያለውና ከቃል ኪዳኑ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ፣ ቪዛው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱ የት ሆነው ይኖራሉ የሚለው ነው።