ፈረስ ገብቶ ውሻ የሚመለስበት ደሴት

ባለፈው ቅዳሜ የቼሳፒክን ድልድይ ተሻግረን ቨርጂኒያ ጠረፍ ላይ ወዳለው የቺንኮቲግ የዱር እንስሳት መጠለያ ወረድን። ከእኛ ጋር ቡቺም ነበር። ቡቺ የወዳጄ ውሻ ነው፤ የወዳጄን ስም አልጠራም፣ ይህን ዓምድ ያነባል።

በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ «ውሻ አይገባም» አለች።

«በገመድ ነው የምንይዘው።»

«አይገባም።»

«እሺ፣ ከመኪና አይወርድም።»

«መኪና ውስጥም ቢሆን አይቻልም።»

ወዳጄ ነደደው። «ፈረስ እንደልቡ በሚፈነጭበት ደሴት ውሻ የሚከለከለው በየት አገር ሕግ ነው?» እያለ ቡቺን ይዞ ከተማ ቀረ። ሚስቱ ግን ከእኛ ጋር ገባች።

ስለ ፈረሶቹ ያለው ሐሰት አይደለም። ሰው ያመጣቸው ናቸው እንጂ የደሴቲቱ ተወላጆች አይደሉም። የቨርጂኒያው መንጋ ባለቤት የከተማው የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ቡድን ነው፤ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐምሌ ላይ ወሽመጡን በዋና እያሻገረ ውርንጭሎቹን በጨረታ ይሸጣል። መንጋው ከ150 እንዳይበልጥም ተገድቧል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተነፋው ሁሉም አርግዘው እንዳይመስላችሁ። የሚግጡት ሣር ጨው ስለሆነ ውኃ ሲጠጡ ይውላሉ። ሰዉ መኪናውን ደርድሮ ፎቶ የሚያነሳው እነሱን ነው።

መጠለያው ግን በ1943 የተቋቋመው ለወፍ ነው። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ አሸዋ የመሰለች ወፍ አለች። እንቁላሏን የምትጥለው ባዶ አሸዋ ላይ ነው፤ እግራችሁ ሥር ሆኖ እንኳ አይታያችሁም። ለዚህ ነው የባሕሩን ዳር ከፊሉን በገመድ የሚያጥሩት። አንድ ልጅ ኳሱ ገመዱን አልፎ ተንከባለለበትና ሊከተል ሲል ወፏ ከየት እንደመጣች ሳናይ ፊቱ ወደቀች። ክንፏን እንደተሰበረ ሰው እጅ እየጎተተች፣ እየተንፏቀቀች ወሰደችው። ትንሽ ካራቀችው በኋላ ብድግ ብላ በረረች። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኛም።

ውሻ በዚህች ትያትር አይሸነፍም፣ ያሳድዳል። ወፏን መንከስም አያስፈልገው፤ እሷ እሱን ስትሸሽ እንቁላሉን ፀሐይ ያበስለዋል። ጫጩቶቹም ቢሆኑ ወር ገደማ እስኪሆናቸው መብረር አይችሉም። ፈረሱ ሣር ይግጣል እንጂ ወፍ አያሯሩጥም። ለወዳጄ ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው፣ ሌላ ክርክር አልቀበልም።

(የጥድ ጫካው ውስጥ ያለውን የዴልማርቫ ሽኮኮ ሳታዩ እንዳትመለሱ። ብርማ ነው፣ ከሰፈራችን ሽኮኮ ይገዝፋል፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብሎ ይራመዳል። በ1967 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተመዝግቦ ነበር፤ በ2015 ከመዝገቡ ወጣ።)

አሁን የባሌን ተራሮች ሳነሳ «ጀመረው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልጀምር። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለው ቀይ ቀበሮ በሕይወት የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ጠላቱ አዳኝ አይደለም። ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በ2003 እ.ኤ.አ. የወብ ሸለቆን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። እዚያ ደግሞ እንደ ቺንኮቲግ በር ዘግቶ «ውሻ አይገባም» ማለት አይቻልም፤ ለእረኛው ያለ ውሻ መቅረት በጎቹን ለጅብ መተው ነው። የቀረው መንገድ ውሾቹን መከተብ ነው፤ ክትባቱም ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ገንዘብ ሲጠፋ ግን ይቆማል፤ ውሻ ደግሞ በየዓመቱ ይወለዳል።

ቡቺ ክትባቱ አንድም ቀን አልፎበት አያውቅም፤ ካርዱ መኪናው ኪስ ውስጥ ነው። ወዳጄ በሩ ላይ አውጥቶ አሳይቷት ነበር። እንግዲህ እንደ እሱ ከበር ተመልሳችሁ የተቆጣችሁ ሁሉ፣ የአንድ የባሌ ውሻ መርፌ ዋጋ አዋጡ።