ባሕር የለንም ብለን የዳርቻ ካርታ እንተው?

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ መምረጫ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በትምህርት ክፍላችን አንድ ነገር ይደጋገማል፤ «የዳርቻ ጥናት ለእኛ ምን ያደርጋል? ባሕር እኮ የለንም!» ይባላል። ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ይህ አስተሳሰብ ብዙ እያስቀረብን ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ዳርቻን የሚቀርጹት ማዕበል፣ ደለልና የውሃ ከፍታ መለዋወጥ ናቸው። እነዚህ ደግሞ በሐይቆቻችንም አሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። የዚያን ጊዜው ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1670 ሜትር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ የዛሬው ሻላ 1558 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከሉ የጥንት ዳርቻ ምልክቶች ቀርተዋል። በዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ጠርዝ ደግሞ ቀይ ባሕር ገብቶ በነበረበት ዘመን ያደገው ኮራል ዛሬም ድንጋይ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ ቢሄድም ዳርቻው አልሄደም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ የለንም ማለት አንችልም። የመጀመሪያው ላንድሳት እ.ኤ.አ. በ1972 ተመጠቀ፤ የተከማቸው ምስል ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የሴንቲኔል-2 ባለ 10 ሜትር ፒክስል ምስል አለ። ውሃ የኢንፍራሬድ ብርሃንን ስለሚውጥ በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል፤ ውሃውንና የብሱን መለየት የሚቻለው በዚህ ነው። የተለያዩ ዓመታትን የዳርቻ መስመር በጂ.አይ.ኤስ. ማነባበር የአንድ ተማሪ ላፕቶፕ የሚችለው ሥራ ነው።

ጥቅሙስ? አብያታ እየሸሸ፣ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው እየሰፋ የመጡ ሐይቆች ናቸው። በሰቃ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን በ2000ዎቹ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ወዴት እንደሚገፋ ማወቅ ለአርሶ አደሩም፣ ለአርብቶ አደሩም፣ መንገድ ለሚሠራውም የኑሮ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ቀለም መቀባት ብቻውን ካርታ አይሆንም። የ1970ዎቹ ላንድሳት ፒክስል 80 ሜትር ገደማ ነው፤ ያንን ከዛሬው ጋር አስተያይቶ «ዳርቻው 50 ሜትር ሸሸ» ማለት ዋጋ የለውም። የመስከረምን ምስል ከሚያዝያ ጋር ማወዳደርም ክረምትና በጋን ማወዳደር ነው እንጂ ለውጥን መለካት አይደለም። አብያታን በመሰለ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውሃው ትንሽ ዝቅ ሲል ዳርቻው ብዙ ርቀት ይሸሻል። እርጥብ ጭቃው የቱ ጋ አልቆ ውሃው የቱ ጋ እንደሚጀምር ደግሞ ምስሉ ሁልጊዜ ለይቶ አይነግረንም። ስለዚህ ጂፒኤስ ይዞ ወርዶ ማየትና የአካባቢውን ሽማግሌዎች «ውሃው ድሮ እስከ የት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እያንዳንዱ የተመራቂ ቡድን አንድ ሐይቅ ይያዝ። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ዘዴ ካርታ ይሥራ፤ ፋይሉንም ከነዘዴው ለሚቀጥለው ቡድን ያስረክብ። ዛሬ ጽሑፋችን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጣዩም ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ዐሥር ዓመት ብንቀባበል ግን ትምህርት ክፍላችን ሌላው መጥቶ የሚጠይቀው መረጃ ይኖረዋል። መምህሮቻችን ቢያስቡበት፣ እኛም ለመጀመር ዝግጁ ነን።