ሳይክልና የእግር ቅርፅ፦ እስኪ ስሌቱን እንሥራው



በየዶርሙ ከስልክ ስልክ የሚዞር ምክር አለ፦ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሳይክል ንዱ፣ በሁለት ሳምንት ቦርጫችሁ ይጠፋል፣ እግራችሁም ቅርፅ ይይዛል የሚል። ሳይክል መንዳቱን እንደግፋለን። ተስፋው ግን ውሸት አለበት፤ በዚህ ውሸት ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ደግሞ እህቶቻችን ናቸው።

የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነንና እናስላው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ቢነዳ ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። አመጋገቡን ሳይለውጥ አንዷን ኪሎ ለመጣል 19 ሰዓት ገደማ መንዳት አለበት ማለት ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ከሆነ ከአምስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ሲመለስ ጠማኝ ብሎ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከጠጣ ደግሞ ወደ 130 ኪሎ ካሎሪ ተመልሶ ይገባል፤ የሃያ ደቂቃው ድካም ሄደ።

የእግሩም ነገር እንዲሁ ነው። ፔዳሉን የሚገፋው የጭንና የባት ጡንቻ ይጠነክራል፤ ይህ እውነት ነው። የሚቃጠለው ስብ ግን በደም በኩል ከመላው ሰውነት የሚመጣ ነው። ከየትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚቀንስ የሚወስነው ፆታችንና ከወላጆቻችን የወረስነው ተፈጥሮ እንጂ ፔዳሉ አይደለም። «እግሬ ይወፍርብኛል» ብላችሁ የምትፈሩም አይዟችሁ፤ በቀላል ማርሽ ረዘም ላለ ጊዜ መንዳት ጡንቻን አያሳብጥም።

የሚያሳስበን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በሁለት ሳምንት ለውጥ ያላየች እህት ቁርስ መተው ትጀምራለች፤ ከዚያም ምን እንዳለበት የማይታወቅ የማቅጠኛ ሻይ ትገዛለች። አካላችን አማና መሆኑን በመድረሳ የተማርን ልጆች ይህን እያየን ዝም ልንል አይገባም።

እኛ ከየጥኖራ፣ ከብቸናና ከሞጣ የመጣን ልጆች ስፖርት እንሥራ ሳንል ነው ያደግነው። ከሱብሒ በኋላ መድረሳ፣ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ከብት ወይም ገበያ፤ ሁሉም በእግር። (ቦርጭ ያለው ሰው ብናስታውስ አንድ ሁለት ነጋዴ ነው።) እዚህ ስንገባ ቀኑ ከዶርም ክፍል፣ ከክፍል ካፌ፣ ከካፌ ላይብረሪ ሆነ፤ ከግቢ ስንወጣም ባጃጅ። ኪሎው የመጣው ከዚህ ይመስለናል።

ስለዚህ ሳይክሉ በባጃጁ ቦታ ይግባ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ በሳይክልም የታወቀች ከተማ ናት። ከፖሊ ፔዳ፣ ከግቢ መስጂድ፣ ከዶርም ገበያ በሳይክል የሚመላለስ ሰው ደቂቃ ሳይቆጥር ዓመቱን ሙሉ ይነዳል። ልብና ሳንባውም ይጠቀማሉ፤ ሚዛኑ ባይንቀሳቀስ እንኳ ይህ ጥቅም አይቀርበትም። የሞጣና የብቸና ዳገት ግን ሌላ ነው፤ ማርሽ የሌለው ሳይክል ይዞ ወደዚያ መሄድ አንመክርም።

«ለሴት ልጅ ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ መሽቀዳደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እኛ የምናየው ችግር የልብስና የብረት ነው። ረጅም ልብስ በካቴናው ወይም በኋላ ጎማው ሽቦዎች ይያዛል፤ መሐል ላይ የተጋደመው ብረትም ለመውጣት ያስቸግራል። ለሁሉም መላ አለው። ብረቱ ዝቅ ያለ የሴት ሳይክል ይገኛል። የካቴና መሸፈኛ ከቀጭን ላሜራ ብየዳ ቤት ይሠራል፤ የኋላ ጎማውንም በጎንና በጎን በመረብ መጋረድ ይቻላል። በሆላንድ ብዙው ተራ የከተማ ሳይክል ካቴናው ተሸፍኖ ነው የሚሸጠው።

የጀመዓችን አመራር በመዋጮ ሁለት የሴት ሳይክል ይግዛ። መሸፈኛውን የሜካኒካል ልጆች ሠርተን እንገጥማለን፣ ኢንሻአላህ። ቅዳሜ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ የምታውቀዋ እህት የማታውቀዋን እያስተማረች መጀመር ይቻላል። ኮርቻው የሚስተካከለው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ እንዲታጠፍ ተደርጎ ነው፤ በጣም ዝቅ ካለ ጉልበት ያሳምማል። ፍሬኑን ሳትሞክሩ ግን እንዳትነሱ።